ወታደርን የሚመለምለው ወታደር ነው

በባቡሩ መስመር ሚኤሶ የምትገኘው በሁለት ወታደራዊ ማሠልጠኛዎች መካከል ነው፤ በምዕራብ አዋሽ አርባ፣ በምሥራቅ ሁርሶ። ቀበሌው የምልመላ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ጤናና የትምህርት ደረጃ ይዘረዘራል፤ ከሁሉ በላይ «በፍላጎቱ» የሚል ቃል አለበት። የሚያነበው ወጣት ግን ሌላም ምርጫ አለው፦ ከብትና ማሽላ፣ የጫት ንግድ፣ ባጃጅ፣ ካልሆነም በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚያደርሰው የደላሎች መንገድ። መከላከያ ሰው የሚሻማው ከእነዚህ ጋር ነው።

ምልመላ ሲቀዛቀዝ መፍትሔው ከቅስቀሳ ይጠበቃል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ስብሰባ ይጠራል። ወጣቱ ግን የሚያየው ቀድሞት የዘመተውን የጎረቤት ልጅ ነው፦ ደመወዙ ቤተሰቡን ደገፈ ወይ? ቢቆስል ማን አሳከመው? ውሉ ሲያልቅ ተለቀቀ? የምልመላው ውጤት በእነዚህ መልሶች ላይ ያርፋል።

ታሪካችን ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል። በ1969 «የእናት አገር ጥሪ» ሲታወጅና የሶማሊያ ጦር ሐረርጌን ሲወር፣ በታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነው ሚሊሻ በአጭር ጊዜ ግንባር ደረሰ። ጠላት ደጃፍ ላይ ነበርና የጥሪው ምክንያት ማብራሪያ አላስፈለገውም። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት ላለ ሰው የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ደነገገ። በተግባር ሁለቱ ዓመት ለብዙዎች ማብቂያ አልነበረውም፤ ቀበሌዎች ኮታ ለመሙላት አፈሳ ወጡ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የደረሰው ሠራዊት በግንቦት 1983 ተበተነ። ቁጥር ነበረው፤ የሚያቆየው ግን አልነበረውም።

ወታደር ሲከፋው ደግሞ መንግሥትን እስከ መናድ ይደርሳል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር አመፁ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው። ንጉሡ ደመወዝ ጨመሩ፤ አመፁ ግን ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛመተ። መስከረም 30 ቀን 2011ም ወታደሮች ትጥቃቸውን እንደያዙ ቤተ መንግሥት ሄደው የደመወዝ ጥያቄ አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፑሽአፕ አሠርተው መለሷቸው፤ የኑሮው ጥያቄ ግን በፑሽአፕ አይመለስም።

ለዓመታት ብዙዎችን በሠራዊቱ ካቆዩት ነገሮች አንዱ የሰላም ማስከበር ግዳጅ ነበር። ዳርፉር ወይም አብዬ የዘመተ ወታደር በዶላር አበል ቤት ይሠራ፣ እህት ወንድሙን ያስተምር ነበር። ያ በር ጠቧል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ የተራ ወታደር ደመወዝ የመግዛት አቅም ይበልጥ ሳስቷል።

በዚህ መሃል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ለምልመላ በሚል ያለፈቃዳቸው መያዛቸውን አሳወቀ፤ ለመለቀቅ ገንዘብ የተጠየቁም ነበሩ። ይህ ኮታ የሚወልደው ነገር ነው። ቁጥር እንዲያስገባ የታዘዘ የቀበሌ ሹም ፍላጎት አይጠብቅም። በግድ የገባው ደግሞ ሲመቸው ይጠፋል፤ የጠፋውን ለመተካት ኮታው ይጨምራል፤ የሚቀጥለው ምልምል ከፊተኛው የባሰ ይሸሻል።

ጦርነት ፈቃደኛ እስኪገኝ አይጠብቅም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ፈቃደኛ እንዲገኝ ግን ውትድርናውን የሚያስመርጥ ነገር ማቅረብ ያስፈልጋል፤ አሜሪካ በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግዳጅ ውትድርናን ስታስቀር ደመወዝ ማሳደግና የትምህርት ዕድል ማቅረብ ግድ ሆኖባታል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ገንዘብ ብዙ የማይጠይቁ ነገሮች ግን አሉ፦ ውሉ ያለቀበትን በቀኑ መልቀቅ፣ ፈቃድ አለመከልከል፣ የሟችና የቁስለኛ ቤተሰብን ክፍያ አለማንገላታት፣ ሾፌርና መካኒክ ሆኖ ለሠራው በሲቪል ገበያ የሚያገለግል የሙያ ማረጋገጫ መስጠት።

ስለዚህ የምልመላ ሪፖርት ስንት ሰው እንደገባ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ውሉን ጨርሶ መልቀቂያውን በጊዜው እንደተቀበለም ይቁጠር። መልቀቂያው የማይታመን ውትድርና «በፍላጎት» ቢባልም በፍላጎት የሚገባበት አይኖርም።