ኮሽም ከአጥር ወደ ገበያ

በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ማርማላታ በየዓይነቱ ተደርድሮ ይታያል። ከከተማ ጥቂት ወጣ ቢሉ ግን ኮሽም ከየቁጥቋጦው ሥር ረግፎ የወፍና የእረኛ ሲሳይ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ነጋዴዎች የሆንነውን ሊከነክነን በተገባ ነበር።

ኮሽም እሾኻም ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪቃ ተራሮች በኩል እስከ ማላዊ ይዘልቃል። የበሰለው ፍሬ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ ውሃው ብዙ፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። እንዲያው ሲበሉት ጥርስ ያጠርሳል፤ ለማርማላታ የሚፈለገው ግን ይኸው ኮምጣጣነቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የአቢሲኒያ ጉዝበሪ» ይሉታል። በፍሎሪዳም ከሲሎን ዘመዱ ጋር የተዳቀለ ዝርያ አለው። ስሙ እንግዲህ ከኛ ቀድሞ ባሕር ተሻግሯል።

ኒውዚላንዶች ከቻይና ያስመጡትን ፍሬ «የቻይና ጉዝበሪ» እያሉ ሲሸጡ ኖረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. «ኪዊ» የሚል የንግድ ስም አወጡለት። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ስሙን ብቻ ያደንቃል። ስሙ ከመለወጡ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ግን አትክልተኞቻቸው መልካሙን ዝርያ መርጠው አባዝተውት ነበር።

በኮሽም የጎደለው ይህ ድካም ነው። እንደ ኪዊ ሁሉ ኮሽምም ወንዴውና ሴቴው በየዛፉ የተለያየ ነው፤ ወንዴው አያፈራም። ከዘር የተከለ ገበሬ ዛፉ አድጎ እስኪያብብ ድረስ የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ ከታወቀች መልካም ሴቴ ቅርንጫፍ ወስዶ ማባዛት፣ ጥቂት ወንዴም በመካከሉ መትከል ያስፈልጋል። በየከተማው አጥር የሚታየው የደቡብ አፍሪቃ ዘመዱም ከአገሬው ኮሽም ጋር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ይገባል።

ባለሱቆች ግን እስከዚያ መቀመጥ የለባቸውም። በፍሬው ወራት ጥቂት ቅርጫት ገዝቶ፣ በስኳር አስቀቅሎ፣ በጠርሙስ አሽጎ ለደንበኛ ማቅመስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ላኪዎች ይታገሡ። ከየጫካው የተለቀመ ፍሬ በመጠኑም በመልኩም አንድ ዓይነት አይሆንም፤ በዚህ ተማምኖ ከውጭ ገዢ ጋር ውል የሚፈርም ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን የኮሽምንም ስም ይጎዳል።