በጉ ጓሮ፣ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ካለዎት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ኩላሊትህ የት ነው? በእጅህ አሳየኝ።» እጁን እምብርቱ ግድም ቢያሳርፍ አይደነቁ። ይኸው ልጅ ደብተሩን ቢገልጥ ኩላሊትን ቁልጭ አድርጎ ስሎ፣ ቀስት አውጥቶ፣ የየክፍሉን ስም በእንግሊዝኛ ጽፎ ያሳይዎታል። ፈተና ላይም ነጥቡን ያገኛል። ኩላሊቶቹ ግን ከጀርባው በኩል፣ የታችኞቹ ጎድኖች በከፊል ከልለዋቸው እንደተቀመጡ አልነገሩትም፤ ቢነግሩትም አልዳሰሰውም። ስዕሉን ያውቀዋል፣ ገላውን አያውቀውም።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። የሰውን አካል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በአብዛኛው የምናስተምረው በጠመኔና በሽምደዳ ነው። ለምን ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፦ ላቦራቶሪ የለም፣ ሞዴል የለም፣ ኬሚካል የለም። ለኬሚስትሪ መምህሩ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ለአናቶሚ ግን ሰበብ ነው። በገናና በፋሲካ፣ በአረፋና በእንቁጣጣሽ በየጓሮው በግ የሚታረድባት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ የሚካፈልባት፣ ዶሮ በ12 ብልት የሚወጣባት አገር የአካል ክፍል የማሳያ ቁሳቁስ አጣሁ ልትል አትችልም።

እንዲያውም ዕውቀቱ ራሱ በደጃችን አለ። የሥጋ ቤት ሠራተኛ ሻኛውን፣ ሽንጡን፣ ዳቢቱንና ፍሪምባውን ሲለይ ጡንቻ ከጡንቻ የሚለያይበትን መስመር ተከትሎ ነው። ዶሮ የምትበልት እናትም ቢላዋዋን አጥንት ላይ አታሳርፍም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ፣ ጅማቱን በጥሳ ታወጣዋለች። ልጅቷ ይህን ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ስትሠራ አምሽታ በማግስቱ ክፍል ትገባና የመገጣጠሚያ ዓይነቶችን ዝርዝር ትሸመድዳለች። ማታ በጣቷ ያገኘችው ነገር መሆኑን ግን ማንም አይነግራትም።

ከዶሮ እግር እንጀምር። በብዙ ቤት የሚጣል ነገር ነው። ከተቆረጠበት በኩል ቆዳው ትንሽ ገፈፍ ሲደረግ ነጫጭ ጅማቶች ብቅ ይላሉ። ከኋላ በኩል ያለውን በወረንጦ ይዘው ሲስቡት ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ ከፊት ያለውን ሲስቡት ይዘረጋሉ። ክፍሉ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ከዚያ ተራ ይሻማል። ያኔ መምህሩ «የግራ ክንዳችሁን ከክርን ዝቅ ብላችሁ በቀኝ እጃችሁ ያዙና የግራ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ» ይበል። ከመዳፋቸው ሥር የሚላወሰው ጡንቻ ነው። ጣት ውስጥ ጣትን የሚያጥፍ ጡንቻ የለም፤ ዋናዎቹ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ተቀምጠው በረጅም ጅማት ይስባሉ። ይህን በዶሮም በራሱም ክንድ ያየ ልጅ እስኪሸብት አይረሳውም።

ቀጥሎ የበግ ልብ ይምጣ። እንደኛው አራት ክፍልና አራት ቫልቭ አለው። ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ የታችኛው ግራ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ይልቅ በጣም ወፍራም ሆኖ ይገኛል፤ በሰውም ልብ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ተማሪው ሁለቱን ግድግዳዎች በየተራ ቆንጥጦ ሲያነጻጽር «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከራሱ አፍ ይወጣል። ቀኙ ደም የሚገፋው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን እስከ አናትና እስከ እግር ጥፍር ማድረስ አለበት። ቫልቮቹ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ እንደ ድንኳን ገመድ ወጥረው የያዟቸው ነጫጭ ክሮችም እዚያው ይታያሉ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚዳርገው የሩማቲክ ልብ በሽታ የሚያበላሸው እነዚህኑ ቫልቮች ነው፤ መነሻውም በወቅቱ በአግባቡ ያልታከመ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ለሚባልበት ቤት ከዚህ የተሻለ የጤና ትምህርት አላውቅም።

ሳንባው ከአየር ቧንቧው ሳይነጠል ከመጣ ደግሞ ፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ በብስክሌት ፓምፕ መንፋት ነው (በአፍ መንፋት ክልክል ነው)። ጭምድድ ብሎ የነበረው ነገር ፈክቶ ይሞላል። ቁራጩ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል፤ የጉበት ቁራጭ ግን ይሰምጣል። እኛን ማን በፓምፕ ይነፋናል? ለሚል ተማሪ መልሱ አንድ ባዶ ሃይላንድና ሁለት ፊኛ ነው። የሃይላንዱን ቂጥ ቆርጦ በአንደኛው ፊኛ መወጠር፣ ሌላውን በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ማንጠልጠል፤ የታችኛው ሲሳብ የውስጠኛው በራሱ ጊዜ ይነፋል። ከሳንባችን ሥር የተወጠረው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሥጋ የማይነካ ትምህርትም አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ደም በሰውነታችን ውስጥ እንደሚዘዋወር ሲያስረዳ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የታሰረ ክንድ ነው። ከክርን በላይ በጨርቅ ለአፍታ ሰብሰብ አድርገው ሲያስሩት ደም መልሶቹ ይገተራሉ፤ እዚህም እዚያም ቋጠሮ መሳይ እብጠት ይታያል። ቫልቮች ናቸው። አንዱን የደም ሥር በጣት ጫን ብሎ ይዞ በሌላ ጣት ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ አቅጣጫ ቢጠርጉት መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ ከላይም ተመልሶ አይሞላም። የታችኛው ጣት ሲነሳ ግን ወዲያው ይሞላል። ደሙ መንገዱን ያውቃል። ወጪው አንድ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁም ቶሎ ይፈታ።

ይህ ጨርቅ ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። ከነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሐኪም አይሆኑም፤ ሁሉም ግን ገላ አላቸው፣ ብዙዎቹም ወላጅ ይሆናሉ። የተሰበረ እጅ አጥብቆ የሚያስር ወጌሻ ዘንድ የተወሰደ ልጅ ጣቶቹ ሲቀዘቅዙና ሲጠቁሩ ማሰሪያው ይፈታ ብሎ የሚጮኸው፣ የታሰረ ክንድ ላይ ደም ሲቆም ያየ ሰው ነው። እንጥል ማስቆረጥንና የሕፃን ድድ ፈልፍሎ የወተት ጥርስ ማስነቀልን በፖስተር ብቻ አናስቀራቸውም። እንጥል ምን እንደሆነ በመስታወት አይታ፣ ቋሚ ጥርስ ከወተት ጥርስ ሥር እንደሚያድግ በመንጋጋ አጥንት ላይ የተማረች ልጅ ነገ እናት ስትሆን ልጇን ለምላጭ አትሰጥም።

«በግ ሰው አይደለም» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋለን የሰውን አካል ያስተማረው በአብዛኛው ዝንጀሮ፣ አሳማና ሌሎች እንስሳት ከፍቶ ነበር። በበግና በመሰል እንስሳት አንጎል ሥር የሚገኘውን የደም ሥር መረብ በሰውም አለ አለ፤ አውሮፓም ከሺህ ዓመት በላይ አመነው። በዚያ ረጅም ዘመን መጨረሻ ላይ በነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ፕሮፌሰሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ መጽሐፉን ያነባል፣ አስከሬኑን የሚቀድደው ሌላ ሰው ነው። የአናቶሚ መምህሩ አንድርያስ ቬሳሊየስ በጣሊያኗ ፓዱዋ ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን ራሱ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፉም ያንን መረብ ጨምሮ ብዙ የጋለንን ስህተቶች አረመ። ጋለን የሳተው እንስሳ በመክፈቱ አይደለም፤ የእንስሳውን ሰው ላይ እንዳለ በመገልበጡ ነው። ተከታዮቹ ደግሞ ባለማየታቸው።

ስለዚህ ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ይሁን። የበሬ ኩላሊት ጉብታ ጉብታ ነው፣ የበግና የሰው ለስላሳ። የበግ ሆድ ዕቃ ጨጓራና ሽንፍላን ጨምሮ አራት ክፍል አለው፤ የኛ አንድ ነው፤ ለምን ሣር በልተን እንደማናድር ከዚህ ይጀምራል። የበሬ ዓይን ሲከፈት ከጀርባው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይታያል፤ የጅብና የድመት ዓይን በሌሊት መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው በዚህ ዓይነት ሽፋን ነው፤ የሰው ዓይን ግን የለውም። ይህን ሁሉ ግን በስክሪን ማየት አይተካውም፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በየክፍሉ የተሰቀለው የትምህርት ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሥዕሎቹ ባልከፉ፤ ግን እሱም ያው ከፍ ያለ ወንበር ነበር። ያነብባል፣ አይጠብቅም፣ አያስነካም።

የጤናው ሥጋት የምር ነው። ለክፍል የሚመጣው ከጓሮ እርድ ሳይሆን ቄራ ታይቶ ያለፈ ይሁን፤ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ጭራሽ አይነካም፣ አባ ሰንጋ አለና። ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ጥቂት ምላጭና ትሪ ያስፈልጋሉ፤ ምላጩን የሚይዘው መጀመሪያ መምህሩ ነው። የተረፈው ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር፤ ለውሻ አይጣል። ጉበትና ሳንባ ላይ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ በኩል ዞሮ ወደ ሰው የሚመለስ የኮሶ ትል ዝርያ ነውና። ይህን ማስረዳቱ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

የሃይማኖቱ ጉዳይ በመከባበር ይፈታል። አንድ ክፍል ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ማን እንዳረደው የሚገደው ይኖራል፤ ጾም ላይ ሥጋ መንካት የሚከብደውም ይኖራል። የሚበላ ነገር እንዳልሆነ አስቀድሞ ለወላጅ ይነገር፤ ያልፈለገ ተማሪ ሃይላንዱንና የታሰረውን ክንድ ይሥራ። ማንም አይገደድ።

የቀረው ፈተናው ነው። «ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ለተግባር ጊዜ የለንም» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቢያንስ ግን ሽምደዳው ለታሰበለት ፈተናም እንዳላዳነን ያሳያል። የተነካ ነገር አይጠፋም፤ ምርጫውንም ያስመልሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየሴሚስተሩ ሦስት ክፍለ ጊዜ ለእጅ ሥራ ይከለል፤ ከተከታታይ ምዘናው ላይም ነጥብ ይያዝለት፣ ነጥብ የሌለው ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ዕድሜ የለውምና። የሠፈሩ ሥጋ ቤት ባለሙያ አንድ ቀን በእንግድነት ተጋብዞ ብልት ሲያወጣ ተማሪ ይይ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በሚቀጥለው ስብሰባ «ላቦራቶሪ የለንም» ሲባል አጨብጭቦ አይበተን፤ አንድ የበግ ልብ ስንት እንደሆነ ያጣራ፣ ያዋጣ፣ ቀን ይቁረጥ።