መሪው ሲንቀጠቀጥ አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት ከሥር እዩት

ዛሬ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም የምጽፈው። «የግብርና ባለሙያ መኪና ውስጥ ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ ምርታችን ገበያ የሚወጣው በመኪና ነው፤ ጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ይሄዳል። ስለዚህ ያገባኛል።

ባለፈው መጋቢት አምስት ገበሬዎች በጋራ የገዙት ላንድክሩዘር ፒክአፕ የመስኖ ሽንኩርት ጭኖ ሲሄድ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ፍጥነታችን 70 ገደማ ነው። የግራው ጎማ አንዲት ጉድጓድ ነካ፣ ወዲያው መሪው ከሾፌሩ እጅ ሊወጣ ደረሰ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ መኪናው ሊበታተን የደረሰ ነው የሚመስለው። ሾፌሩ አልደነገጠም። ፍሬን ላይ አልቆመም፤ እግሩን ከነዳጅ አነሳ፣ መሪውን አጥብቆ ያዘ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ መንቀጥቀጡ በራሱ ቆመ። እናንተንም ካጋጠማችሁ እንዲሁ አድርጉ።

የሚያናድደው፣ ይሄ ሲሆን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። መጀመሪያ «ጎማ ነው» ተብሎ ሁለት አዲስ ጎማ ተገዛ። ቀጥሎ «የመሪ አሞርዛተር ነው» ተባለ፣ እሱም ተቀየረ። አንድ ወር ዝም አለ፣ ከዚያ ተመለሰ።

የመሪ አሞርዛተር መንቀጥቀጡን ያፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያድንም። ውሃ የተኛበት ስንዴ ቢጫ ሲሆን ዩሪያ እንደ መበተን ነው፤ ውሃው ካልተጠነፈፈ ብሩ ነው የሚባክነው። በእኔ አስተያየት ምንም ሳይፈትሽ መጀመሪያ አሞርዛተር የሚያስገዛ ጋራዥ ባለቤቱን እየጎዳው ነው። መኪናው «የዳነ» ስለሚመስል ሰው እንደገና ይሳፈርበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላንድክሩዘር ፒክአፕ የፊት ሁለት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ናቸው፣ በመሪ ዘንግም ተያይዘዋል። አንዱ ሲመታ ሌላውን ይገፋዋል፣ ያኛው መልሶ ይገፋል። መገጣጠሚያው ሁሉ ጥብቅ ከሆነ እዚያው ይበርዳል፤ የላላ ነገር ካለ ግን እየባሰ ይሄዳል። አይሱዙም ፊቱ ወጥ አክስል ስለሆነ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። «መንገዱ ነው» የሚሉም አሉ። መንገዱ ይቀሰቅሰዋል፣ እውነት ነው፤ ግን በዚያው መንገድ ስንት መኪና በሰላም ያልፋል?

ጎማም ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጉድጓድ ሳይነካ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ሁልጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ጠርጥሩ። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ወደ ፍሬኑ ሂዱ። ጉድጓድ ነክቶ ጀምሮ ፍጥነት እስኪቀንስ አልቆም ካለ ግን የላላ ነገር ፈልጉ።

ፍለጋው ገንዘብ አይፈልግም፣ ሁለት ሰው ይበቃል። የጎማ ንፋስና ዳዶዎችን ካያችሁ በኋላ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንዱ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። ሌላው ከጎን ጎንበስ ብሎ ይመልከት፣ ጣቱን ግን አያስገባ። የመሪ ዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉት ቴስቲናዎች ይንቀጫቀጫሉ? አክስሉን ከሻንሲው ጋር ወደ ጎን የሚያስረው ዘንግስ ጫፉ ላይ ይንሸራተታል? ጎሚኒው ያለቀ፣ ቡሎኑ የላላ ወይም ቀዳዳው የሰፋ ከሆነ እዚህ ላይ በዓይን ይታያል።

ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ፤ አክስሉን በጠንካራ ግንድ ደግፉ፣ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥና ድገሙት። መላላቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ጎማው የሚዞርበት የማጠፊያው ኩሽኔታ ነው፤ በአይሱዙ ላይ ኪንግ ፒኑ። የማጠፊያው ኩሽኔታ ልኩን ጠብቆ መጥበቅ አለበት። ጥሩ መካኒክ ይህን የሚለካው በሚጎተት የሞላ ሚዛን ነው፣ በግምት አይደለም።

ጭነት ማብዛትም ያባብሳል፤ ኋላ ሲከብድ ፊቱ ይቀላል። ያላላው ግን ጭነቱ አይደለም፣ የላላውን ነው የሚያጋልጠው።

ጋራዥ ስትሄዱ «መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሥሩልኝ» ብላችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ። «የላላውን አሳየኝ» በሉ፤ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አታስቀይሩ፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ማፈር የለም፣ ብሩ የእናንተ ነው። ምክንያቱ ተገኝቶ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ሰው አትጫኑበት፣ ገበያው ቢያልፍም ይለፍ።

የእነዚያ አምስት ሰዎች መኪና ምን ሆኖ ተገኘ? የአንደኛው ልጅ መሪውን ሲያወዛውዝ አባትየው ከጎን ሆነው አዩት። የጎኑ ዘንግ ቡሎን ላልቶ ሲሠራ ቀዳዳውን እንቁላል አስመስሎታል። ቀዳዳው ተሞልቶ በልኩ ተበሳ፣ ጎሚኒና ቡሎን ተቀየረ። ከሁለቱ ጎማዎች የአንዱን ዋጋ እንኳ አልፈጀም።