«ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ከማለታችን በፊት

የተወደዳችሁ እህቶቻችን፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ እኛንም የሚወቅስ ነገር ስለሆነ በትዕግሥት አንብቡልን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ቤይሩት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ብዙ ሳምንት ጠፍታ የነበረች አንዲት እህታችን መጣች። ፊቷ ሞልቶ፣ ጉንጯ ክብ ሆኖ ነበር። እንደ አገራችን ወግ ሁላችንም «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ! ማዳምሽ ደግ ናት ማለት ነው» አልናት። እሷም ፈገግ ብላ ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ሳብ አደረገች። ወዲያው ከወደ ጓሮ «አርግዛ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ሌላዋም «ያ በሽታ ቢሆንስ?» አለች። እህታችን ሁሉንም ሰምታለች።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። እህታችን ሉፐስ የሚባል በሽታ ስላለባት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ስትውጥ ነበር የከረመችው። ፊቷን ያሳበጠው ምቾት ሳይሆን ኪኒኑ ነው። ከዚያ እሑድ በኋላ ለማንም ሳትናገር ኪኒኑን ተወችው። ጥቂት ቀናት ቆይታ በምትሠራበት ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተገኘችና ሆስፒታል ገባች። ተመስገን፣ ዛሬ በሕይወት አለች። ይህንንም የጻፍነው «ስሜን ብቻ አታንሡ እንጂ ለሌሎች ይጠቅም» ብላ ፈቅዳልን ነው።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስድ እህት በበሽታዋ ብቻ ሳይሆን በመደበቋም ትጎዳለች። እንድትደብቅ የሚያደርጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ አፍ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት እንበል። እግዚአብሔር በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከል ዘበኛ አኑሮልናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ይህ ዘበኛ ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት እንደ ሌባ ይደበድባል። ሉፐስም ሆነ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ናቸው። የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለለት ሰውም፣ ዘበኛው አዲሱን ኩላሊት እንዳያባርር ማስታገሻ መድኃኒት ይወስዳል። ፕሬድኒሶሎን፣ አዛታዮፕሪን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ታክሮሊመስ የሚባሉት ሁሉ ሥራቸው ይህን ዘበኛ ማብረድ ነው። ዘበኛው ሲበርድ ግን እውነተኛውም ሌባ በቀላሉ ይገባል። ሕመሙን የሚያስታግሰው መድኃኒት ለሌላ በሽታ በር የሚከፍተውም ስለዚህ ነው።

ፕሬድኒሶሎን ፊትን ከማሳበጡ ሌላ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሆደ ባሻ ወይም ቁጡ ያደርጋል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል። ስለዚህ አንዲት እህታችን ያለ ምክንያት ስታለቅስ ወይም ስትቆጣ ብናይ «ጠባይዋ ተለወጠ» ለማለት አንቸኩል። የፊቷም እብጠት ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሰ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልን፦ ፕሬድኒሶሎንን ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቆም የለበትም። ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ይህንኑ የመሰለ ንጥረ ነገር በየቀኑ ያመርታሉ። ኪኒኑ ከውጭ ሲገባ እነሱ ሥራቸውን ይተዋሉ። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ግን ቶሎ አይነቁም። ያን ጊዜ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውም ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። እህታችንን የጣላት ይህ ነው። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ ደግሞ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠችው ሴት ትመረዛለች። ለነፍሰ ጡርም ክልክል ነው።

ስለዚህ «እኔንም ጉልበቴን ያመኛል፣ ከኪኒንሽ አካፍዪኝ» መባባሉ ይቅር። ምግብ እንካፈል፣ ይህን ኪኒን ግን አንካፈል።

ወደ ሥራችን እንምጣ። እኛ የምንኖረው በሰው ቤት ነው። የሚያስለውን ሕፃን የምናቅፈው፣ የታመመውን ሽማግሌ የምናጥበው፣ የድመቱን አሸዋ የምንጠርገው እኛ ነን። ይህን መድኃኒት የምትወስድ እህት ጓንት ታድርግ፣ እጇን በሳሙና ደጋግማ ትታጠብ፣ በረኪና ስትጠቀም መስኮት ትክፈት። ጥሬ ሥጋ፣ ማለትም የእኛ ክትፎም ሆነ የዚህ አገር ኪቤ ናዬ፣ እንዲሁም ያልፈላ ወተት ይቅርባት። በቤቱ ያለ ልጅ ኩፍኝ ወይም ውኃ የሚቋጥር ሽፍታ ቢወጣበት፣ በእሷም ላይ አልማዝ ባለጭራ ቢወጣ፣ ሳትውል ሳታድር ለሐኪም ትንገር። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ «ነገ ይሻለኛል» ብላ አትተኛ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ሳይተኩሳት እንኳ ከከፋት ትሂድ። ክትባት ከመወጋቷም በፊት መድኃኒቷን ትናገር፤ እንደ ቢጫ ወባ ያሉ በሕይወት ባለ ተሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች ሊጎዷት ይችላሉና።

አገራችንን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮችም አሉ። ስንመጣ የሳንባ ራጅ ተነሥተን «ነፃ» ተብለናል። ነገር ግን የተኛ የሳንባ ነቀርሳ በራጅ ላይታይ ይችላል፣ ዘበኛው ሲዳከምም ይነቃል። ሁለተኛው፣ በባዶ እግር ስንሄድ ከአፈር በቆዳችን የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ነው። ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ በአንጀት ይኖርና ፕሬድኒሶሎን ሲወሰድ በሰውነት ሁሉ ሊሰራጭ ይችላል። ሁለቱም ቀድመው ከታወቁ የሚታከሙ ናቸው። እዚህ ያለው ሐኪም ግን የት እንዳደግሽ ካልነገርሽው ላያስበው ይችላል። ስለዚህ እህቴ፣ «ያደግሁት ኢትዮጵያ ነው፤ ቲቢና ይህን ትል መርምሩልኝ» ብለሽ ጠይቂ።

«ለማዳም ልንገር ወይስ ልደብቅ?» የምትሉን ብዙ ናችሁ። ንገሩ ብለን አናዛችሁም። መድኃኒቱን ራሳቸው የሚገዙ አሠሪዎች አይተናል፣ በሳምንቱ ትኬት የቆረጡም አይተናል። ይህን የምታውቂው ቤቱን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ነገር ግን ከሁሉም ተደብቆ መኖር አይሆንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ ቢያንስ ሐኪምሽና አንዲት አፏን የምትጠብቅ እህት ይወቁልሽ። የኪኒኑን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ ቅጂ ጋር ያዢ። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚቀጥለውን ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚህ አገር ፋርማሲዎች መድኃኒት እንዴት እንደጠፋ፣ በ2024 መስከረም መጨረሻም ጦርነቱ ሲበረታ ስንቶቻችን በአንድ ሌሊት ሜዳ ላይ እንደቀረን አንረሳውም።

ስለ ጸበልና ስለ ጾምም እንናገር፣ ምክንያቱም እኛው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተሳሳትንበት ቦታ ነው። እህታችን ገና ሲያማት «ጸበል ጠጪ፣ እንጸልይልሻለን» ብለን ሸኘናት። መልካም ነው። ነገር ግን «መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ? እንዳታቋርጪ» አላልናትም። ጸበል መድኃኒትን ተዉ አይልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ፕሬድኒሶሎን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጠዋት ከምግብ ጋር ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ቀንበር አትጭንም።

እኛ ጤነኞቹስ ምን እናድርግ? ጉንፋን የያዘን ቀን ከእሷ ራቅ ብለን እንቀመጥ፣ ለመሳምም አንቸኩል። ወረፋ እንጠብቅላት፣ ዐረብኛ የምናውቅ ሐኪም ቤት አብረናት እንግባ። ያየነውን አናውራ። ከሁሉ በፊት ግን የአንዲት እህት ፊት ተለውጦ ስናይ «ወፈርሽ» በማለት ፈንታ «እንዴት ሰነበትሽ፣ እህቴ?» ብለን እንጠይቅና መልሷን ቁጭ ብለን እንስማ።

ያች እህታችን ዛሬ ፊቷ እንዳበጠ ቡናችን ላይ ትመጣለች። ነጠላዋን ግን ወደ ጉንጯ አትስብም።

እግዚአብሔር የታመሙትን ይማርልን። ቸር ይግጠመን።