ውጅግራውን ተዉት!

ከአያቱ ውጅግራ የወረሰ የመንዝ ልጅ ሁሉ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ጥይቱ ከገበያ ጠፍቷል፤ ታዲያ ማጉረሻውን አስጠርበን የክላሽ ጥይት ብናጎርሰውስ?

የእኛ መልስ አጭር ነው፦ አይሆንም!

ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። የክላሽ ጥይት ደግሞ 7.62 ነው። ማጉረሻ ሲጠረብ ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ ወገን!

«በርሜሉን እንቀይራለና» ትሉን ይሆናል። ፈረንሳዮችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሌቤል በርሜል ቀይረውታል፤ ግን በፋብሪካ። የሰፈር ብረት ሠሪ የዛሬውን ባሩድ ጉልበት በምን ይለካል? ያ ያረጀ ብረት ቢፈነዳ ደግሞ የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው።

«ለአደን ነው» ለሚሉንም፦ የምን አደን? አባቶቻችን የጓሳን ሣር በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም አብረው ተርፈዋል። እኛ ልንጨርሳቸው ነው?

ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዋለ ጠመንጃ ነው። ተጠርቦ ሲበላሽ ግን መሣሪያም አይሆን፣ ቅርስም አይሆን። ዘይት ቀቡትና ስቀሉት፤ ከዚያ ታሪኩን የሚያውቁ አዛውንት ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉት።