የጋምቤላ ንግድና የኢትዮጵያ አየር መንገድ

ጋምቤላን የንግድ ከተማ ያደረጋት መንገድ ነው፤ መንገዷም ወንዝ ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ከፈቀዱ በኋላ፣ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ እያራገፉ፣ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በበቅሎ የወረደውን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ነገር ግን መርከቡ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ ይኸውም በክረምቱ ወራት ስለ ነበረ፣ ውሃው በጎደለ ጊዜ ንግዱም አብሮ ይጎድል ነበር። ጣቢያው ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ከተመለሰ ወዲህ የመርከቡ ንግድ እየሳሳ ሄዶ ቀርቷል። ዛሬ በከተማው መካከል ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው የሚያስበው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአዲስ አበባን የመኪና መንገድና አይሮፕላኑን።

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲወራ ዘወትር የሚጠቀሰው የታላላቆቹ አይሮፕላኖች ስም ነው። እርግጥ ነው፣ ታሪኩ የሚያኮራ ነው። ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ሥራውን ጀመረ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ በኋላ ኮንቬየር መጣ፤ በ1950 ዓ.ም. ዲ ሲ 6 ቢ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 720 ቢ የተባለው ጄት ገባ። በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767፣ በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ድሪምላይነር፣ በ2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ 350 ተረከበ። ዛሬ አይሮፕላኖቹ ከመቶ ይበልጣሉ።

ለጋምቤላ ነጋዴ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ድርጅቱ ሥራ የጀመረባቸው አምስቱ ዳግላስ ሲ 47 አይሮፕላኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው ደግሞ በመካከል በሰንሰለት ታስሮ ይጓዝ ነበር። አንዱ አይሮፕላን ሰው ሳይጨምር የሚያነሣው ወደ 2,700 ኪሎ ግራም ነው፤ በስድሳ ኪሎ ጆንያ ቢሰላ 45 ጆንያ ቡና መሆኑ ነው። ምቾት አልነበረውም፤ ሆኖም ነጋዴውና ዕቃው አብረው ይደርሱ ነበር። ይህ ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ከቤቱ ባዋለው ጊዜ፣ አየር መንገዱ የመንገደኛ አይሮፕላኖቹን መቀመጫ እያነሣ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጭኗል። ስለዚህ ሰውንና ጭነትን ማስተካከል ለዚህ ድርጅት እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጋምቤላ የሚመጣው ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነው፤ አየር መንገዱ ይህን ዓይነት መረከብ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሰባ በላይ መንገደኛ ይይዛል፤ የመኪናውን የቀናት ጉዞ በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ታዲያ የባሮ ዓሣና የጋምቤላ ማንጎ በመኪና ላይ እየተበላሹ፣ የአይሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ምን ያህል ቦታ እንዳለው ነጋዴው አስቀድሞ የማያውቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥፋቱን ሁሉ በአየር መንገዱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጋምቤላ ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ እጅግ ይበረታል። አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ የአይሮፕላኑ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ከመንገደኛና ከጭነት አንዱ ሊቀር ግድ ነው፤ የሚቀረውም ጭነት ነው። ይህን ለሚያውቅ ሰው የጠዋት በረራና የቀትር በረራ ለነጋዴ እኩል ዋጋ የላቸውም።

የነጋዴውም ጉድለት ሊሸሸግ አይገባውም። አንዱ ካርቶኑን ተሸክሞ አይሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ይደርሳል። ሌላው ማሩን ክዳኑ በላላ ጀሪካን አድርጎ ያመጣና ለምን አልተቀበሉኝም ብሎ ይቆጣል። ዓሣም ቢሆን ውሃ በማያሳልፍ ሣጥን ካልታሸገ ማንም አየር መንገድ አይጭነውም፤ የቀለጠ በረዶ የሌላውን ነጋዴ ጨርቅ ያበላሻልና። ሒሳቡም ቢሆን በቅጡ አልተጠናም። በዓለም አቀፍ የአየር ጭነት ልማድ ዕቃ የሚከፍለው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በያዘው ስፍራም ነው፤ 6,000 ኩብ ሳንቲ ሜትር እንደ አንድ ኪሎ ይቆጠራል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ስምንት ኪሎ ነጠላ ጫማ ብቻ ቢይዝም የሃያ ኪሎ ኪራይ ያስከፍላል ማለት ነው። መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫና የስልክ ዕቃ ግን ትንሽ ስፍራ ይዘው ብዙ ዋጋ የሚያወጡ ስለሆኑ ኪራዩን ይችላሉ። ነጠላ ጫማውን ለመኪና፣ መለዋወጫውን ለአይሮፕላን መለየት የጸሐፊና የሒሳብ ያዥ ሥራ ነው፤ ብዙ ሱቅ ግን ይህን የሚያሰላለት ሰው የለውም።

ስለዚህ የከተማው ነጋዴዎች በየግላቸው ከመለመን ይልቅ በኅብረት ቢቀርቡ ይሻላል። በሳምንት ሁለት የጠዋት በረራ ተመርጦ ለጋምቤላ ጭነት የተወሰነ ኪሎ ይቆረጥ፤ ነጋዴዎቹም ያን ኪሎ ሞልተው ለማቅረብ፣ ባይሞላም ኪራዩን ለመክፈል በውል ይግቡ። ሙቀቱ ጭነት የሚያስቀንስ በሆነ ቀን አየር መንገዱ በዋዜማው ያስታውቅ፤ ዓሣው ከውሃ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውል በሁለት ገጽ የሚያልቅ ነው፤ ማንጎው ከመብሰሉ በፊት ቢፈረም የመጀመሪያው ምርት ይደርስበታል።