ያልተመሰከረ ትምህርት

ወጣት አንባቢ ሆይ! የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ሳትሰማ አልቀረህም። ተማሪው በሌላ ደብር ድጓውን ለዓመታት ሲቀጽል ይቆይና ወደ እርሷ ይመጣል፤ በመምህሩ ፊት አዚሞና ታርሞ ካልተመሰከረለት በልማዱ የድጓ ወንበር ለመዘርጋት አይደፍርም። እኔም እጠይቃለሁ፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪያችንስ የሚያስመሰክረው የት ነው?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ነው፤ ለዕረፍት ከመጣ የዘመድ ልጅ ጋራ ዓርብ ገበያ ወረድሁ። አንዲት እናት ዘይት ለምን እንደ ተወደደ ጠየቁት። እርሱም «ኢንፍሌሽን ነው» አላቸው። «የኔ ልጅ፥ ስሙንማ ነገርኸኝ፤ ምክንያቱን ንገረኝ እንጂ» ቢሉት ዝም አለ። ዘይቱ ከባሕር ማዶ በዶላር እንደሚገዛ፥ ብር ሲረክስ ለዚያው ጣሳ ብዙ ብር እንደሚከፈል በአማርኛ ማስረዳት አቃተው። ፈተናውን ግን በጥሩ ነጥብ አልፎ ነበር!

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ያስተማሩትም ጥፋት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ሀብትና ስለ ንግድ የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የተቻለው ዛሬ ስለምን ያቅታል?

«ሕጉ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ሥዕሉን ማወቅ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሥዕሉን ጣሉት አልልም። የድጓ ምልክትም ይጠናል፤ ነገር ግን ምልክቱን የቆጠረ ሁሉ ዜማ ዐዋቂ አይባልም። የመኸሩን ክፋት በአኮፋዳው ውስጥ ካለው ቁራሽ ማነስ የሚረዳው የቆሎ ተማሪ፥ ስለ እጥረት ከዚህ ሥዕል ቆጣሪ ይልቅ ያውቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ገበያ ይያዝ። ዓመቱን ሙሉ የጤፉን ዋጋ፥ የጭነቱን ኪራይ፥ የደላላውን ድርሻ ይመዝግብ። ከዚያም በመምህሩ፥ በገበሬውና በነጋዴው ፊት ቆሞ በአማርኛ ያስረዳ፤ ቢሳሳት ይታረም፤ ቢያውቅ ይመስከሩለት።

ወዳጄ፥ የእናትህን ጥያቄ መመለስ ካልቻልህ ዲግሪህን በግድግዳ ላይ ለመስቀል አትቸኩል። አስቀድመህ ወደ ገበያ ውረድ።